የመሪጌታ ቅንጬ

ጎንደር፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ብዕሩን የያዘው አምሐ ነው። የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ የሚያስተምረው፣ ክሱን በአንቺ ላይ የጻፈው አምሐ። ስሙን አየሁ ብለሽ ወረቀቱን እንዳትቀጂው። ዛሬ የአባቱን ዕቃ ሊወስድ መጣ። ጋቢያቸውን፣ መቋሚያቸውን፣ ዳዊታቸውን በማዳበሪያ ከትቶ ሊወጣ ሲል ጠራሁት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ አልሁት። ለማን ነው አለ። ለልጄ አልሁት። ልጅ እንዳለዎት አላወቅሁም ነበር ብሎ ተቀመጠ። ከመጀመሬ በፊት አስማልሁት፤ የሚሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ባልጽፍ ያባቴ አጥንት ይውጋኝ ብሎ ማለ። አሁን ልጄ ያልሁት አንቺን መሆኑን ሲያውቅ ብዕሩን አቁሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ጻፍ፣ አምሐ። መሐላ መሐላ ነው። ያየኛል ያልሁትንም ጻፈው።

እንዴት ነሽ ልጄ? እንዴት ከረምሽ? የአዲ አርቃይ ወበቅ እንዴት አድርጎሻል? እናትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? አትበላም፣ ከቤት አትወጣም፣ ሰው ሲመጣ ጓዳ ትገባለች የሚል ወሬ ምግብ የምታመጣልን ሽታዬ ነገረችኝ። ሐሰት ይሁንልኝ። እኔ ደግሞ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ወጉ ነበር። ደህና አይደለሁም። ወግ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ በዚህ ክረምት የዋሸሁት ይበቃኛል።

የመጦሪያ ቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የኃላፊው ቢሮ ቁልፍ በሩ ጎን ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። የሚነካው ጠፋ። ኮሚቴው ሹመቱን ለሦስት ነርሶች አቀረበ አሉ፤ ሦስቱም እምቢ አሉ። አንዲቱማ፣ እሷ እንዲያ ለፍታ እንዲህ ከሆነች እኔማ እስር ቤት ነው የማድረው ብላ ፈቃድ ሞልታ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣች። የመርፌው ሰዓት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት፣ አንድ ቀን አራት ሰዓት ሆኗል። የተኛን ሰው የሚያገላብጥ የለም። የዐብዱረሕማን ተረከዝ፣ አንቺ እያጠብሽ ልትዘጊው ጥቂት የቀረሽ ቁስል፣ ዳግመኛ አፉን ከፍቷል። ሽታው እኔ አልጋ ድረስ ይመጣል። ብነግረው ምን አለኝ መሰለሽ? ቢሻው፣ የኔ ሽታ መንገድ ላይ ካንተው ጋር ተገናኝቶ አፍሮ ተመለሰ አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ወገቤ ተልጧል። ሦስት አልጋ ባለበት ክፍል፣ መሃለኛው የመሪጌታ አልጋ ባዶ ሆኖ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሽማግሌ እንበሰብሳለን። ይህን አዝኚልኝ ብዬ አይደለም። ቢሻው እዘኑልኝ ብሎ አያውቅም። የምነግርሽ፣ ምን ጥለሽ እንደሄድሽ እንድታውቂ ነው። ምን አባረረሽ የሚለውን ደግሞ ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ አንቺ የምታውቂ ይመስልሻል፣ አታውቂም።

በግንቦት ያን ማታ ታስታውሻለሽ። አሮጊቷ ኃላፊ ጡረታ ወጥታ ኮሚቴው አንቺን የመረጠ ቀን ነው። መጥተሽ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጥሽ። አያ፣ ኃላፊ ሁኚ አሉኝ፣ እኔ ሰው ማስታመም እንጂ ሰው ማዘዝ አላውቅም፣ ትናንት ከአንድ ሳህን ምሳ የበላኋቸውን ልጆች ዛሬ አረፈዳችሁ ብዬ ልቆጣቸው ነው ወይ፣ አባት ቢኖረኝ እሱን እጠይቅ ነበር አልሽኝ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ዘመኔ ነበር! በጃንሆይ ጊዜ ወገራ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ጭቃ ሹም ነበርሁ፤ ሦስት መንደር በእኔ ቃል ያድር ነበር። ሹመት ሲመጣ እምቢ የሚል ወይ ሞኝ ነው ወይ የሚበልጥ የሚጠብቅ ነው፣ ያዥው አልሁሽ። ጉልበቴን ስመሽ ተነሣሽ። ሹመት ያዳብር ብዬ መረቅሁሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባትሽ ነኝ። አንቺ ባትይውም እኔ ብያለሁ።

በማግሥቱ ሽታዬ የቁርሱን ጋሪ እየገፋች ገብታ፣ ሲስተር፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ አለችሽ። ሁላችንም ሳቅን። አንቺም ሳቅሽ። ምን ልትበዪ! ከዚህ ቤት ምን ይበላል? አንቺው ነሽ ለሻያችን ከቤትሽ ስኳር ስታመጪ የነበርሽ። ግን ከሳቁ በኋላ ነገር ተለወጠ። ጓደኞችሽ አንቺ ስትገቢ ወሬያቸውን ያቆሙ ጀመር። ከጋውንሽ ኪስ ከረሜላ ነበር የሚወጣው፤ ቁልፍ ሆነ። ጠዋት እኛን ስታገላብጪ፣ ቀን ሪፖርት ስትጽፊ፣ ማታ የቀረችውን ተረኛ ተክተሽ ስትሠሪ እግርሽ አብጦ ጫማሽ እምቢ አለ። በሰኔ መጨረሻ ከመሪጌታ አልጋ ሥር ተቀምጠሽ አለቀስሽ። መሪጌታ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ዳዊት ደገሙልሽ። እኔ ግን ምክር ነበረኝ። ምክር አጥቼ አላውቅም።

ምን አልሁሽ? ሹም በየማሳው አይዞርም፣ እግሩን ያበዛ ሹም ይናቃል፣ ሰው ልከሽ ቃል ተቀበይ፣ ቃል የሰጠውን ሰው በቃሉ ያዥው፣ እኔ ሦስት መንደር የገዛሁት ከወንበሬ ሳልነሣ ነው አልሁሽ። እንደ ትልቅ ነገር ነገርሁሽ። አንቺም እንደ ትልቅ ነገር ሰማሽኝ።

ለአምሐ ልንገረው፤ አንቺማ ታውቂዋለሽ። አባትህ የስኳር በሽተኛ ነበሩ። ጠዋት መርፌ ይወጋሉ። ሳይበሉ ከተወጉ ይወድቃሉ። ይህች ልጅ ኃላፊ ከመሆኗ በፊት፣ አንድ ዓመት ተኩል፣ በየጠዋቱ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ እስኪውጡ ትጠብቅ ነበር። መጨረሻ ላይ አፍዎን ይክፈቱ ትላቸዋለች። መሪጌታም፣ እኔ ገበያ የወጣሁ በቅሎ ነኝ ወይ፣ አፌ ተከፍቶ የምታዪ? ጥርስስ ብትፈልጊ ከየት ታመጫለሽ? ይሏታል። ትስቃለች። ግን ሳታይ አትነሣም። መርፌውን የምትወጋቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእኔ ምክር በኋላ ግን ወረቀት አወጣሽ። የሁላችንም ስም የተጻፈበት፣ በየስሙ ፊት ሣጥን ሣጥን ያለበት። ሳህኑ ባዶ ሳይሆን መርፌ የለም ብለሽ ደነገግሽ። ሽታዬ ባዶ ሳህን ስታነሣ ምልክት ታደርጋለች፣ ተረኛዋ ነርስ ምልክቱን አይታ ትወጋለች፣ አንቺ ማታ ትፈርሚያለሽ። ሸጋ ሥርዓት ነበር። እኔም በሆዴ፣ ይኸውና የእኔ ምክር ፍሬ አፈራ ብዬ ኮራሁ።

ነሐሴ ባተ፣ ፍልሰታ ገባ። ዘንድሮ የእስላሙም ጾም ከእኛው ጋር ገጠመ። አንቺ አስቀድመሽ አስበሽ የመሪጌታን የነፍስ አባት አስጠራሽ። ቄሱ መጥተው፣ መሪጌታ፣ በሽተኛ ነዎት፣ ጾሙን ፈትቼልዎታለሁ፣ በጠዋት ይብሉ፣ ዕዳው በእኔ ይሁን አሏቸው። መሪጌታ እሺ ብለው መስቀል ተሳለሙ። አንቺ ደስ ብሎሽ ወጣሽ። ቄሱ ከግቢው ሳይወጡ መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው፣ ቢሻው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የቆምሁበትን ፍልሰታ በአንድ ሳህን ቅንጬ ልለውጠው? አሉኝ።

ዐብዱረሕማን ከወዲያኛው አልጋ ሰማቸው። እሱ በሽተኛ ነውና በሮመዳኑ ይበላል፤ ለታመመ ሰው አላህ ፈቅዷል ብሎ ቁርሱን ያለ ሐፍረት ያላምጣል። መሪጌታ፣ ፈጣሪ ማረዎት፣ ቄሱ ማሩዎት፣ ማን ቀረ? እርስዎ ከፈጣሪ ባሱ እኮ! አላቸው። መሪጌታ ሳቁና፣ አንተ ዝም ብለህ ብላ፣ ዐብዱ፣ እኔ ዳኛዬን አውቃለሁ አሉት።

እኔስ? እኔ ከጨጓራዬ ወዲህ በጠዋት እቀምሳለሁ። የነፍስ አባቴ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርሁት።

የነሐሴ አንድ ጠዋት ሽታዬ ሳህኖቹን አስቀምጣ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች። መሪጌታ የራሳቸውን ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉት። አንተ ሆድህ ሰፊ ነው፣ ብላልኝ፣ እኔ በዘጠኝ ሰዓት እበላለሁ፣ ለማንም አትንገር አሉኝ። እመቤታችንን ምስክር ጠርቼ ማልሁላቸው። በላሁት። ሽታዬ ተመልሳ መጣች። ባዶ ሳህን አየች። እሰይ መሪጌታ፣ ዛሬ እንደ ጎረምሳ በሉ! ብላ ምልክቷን አደረገች። ተረኛዋ መጥታ ወጋቻቸው።

በማግሥቱም እንዲሁ። በሣልስቱም እንዲሁ። ወደ ቀትር ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ፊታቸው ይገረጣል። ምነው መሪጌታ? እላለሁ። ጾም ነው፣ ጾም እንዲህ ነው፣ ሥጋ ሲደክም ነፍስ ትበረታለች ይሉኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በልተው ይነቃሉ። እኔም አየህ፣ ምንም አልሆኑም፣ ሐኪም የሚያበዛው ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁ። አንቺ አልጋው ጫፍ ተቀምጠሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ተንኮል አንድ ጠዋት አይሠራም ነበር። አንቺን ከአልጋው ጫፍ ያስነሣሁ እኔ ነኝ።

አምሐ ሊጠይቀኝ ፈልጎ ከንፈሩን ይነክሳል። ቆይ፣ ልጄ። የምትጠይቀኝን ሁሉ እነግርሃለሁ። ጻፍ።

ነሐሴ አሥራ ሁለት። ቀዝቃዛ ጠዋት ነበር፣ ጉሙ ከግቢው አልተነሣም። መሪጌታ ማታውንም አልበሉም፤ ሰዓታት ሲቆሙ አድረው ደክመው ነበር። ሽታዬ ሳህኑን አኖረች። እኔ እንደለመድሁት አነሣሁት። ሊያልቅ ሁለት ማንኪያ ያህል ሲቀረው መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። አንድ ነገር አሉ፣ ድምፃቸው ደክሞ አልሰማሁትም። ጨርሰው ያሉኝ መሰለኝ። ጨረስሁት።

አምሐ፣ መሰለኝ ብለህ ጻፍ። ሌላውን ሁሉ እንዳልሁህ ጻፈው፤ ይህቺን ቃል ግን ተውልኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተወጉ። ከአራት ሰዓት በፊት ዜማ ጀመሩ፤ ለብቻቸው ሲሆኑ እንደሚያደርጉት፣ ዝግ ብለው። መሃል ላይ ሳቱ። እንደገና ከላይ ጀመሩ፣ እንደገና ሳቱ። መሪጌታ ወልደኢየሱስ ዜማ ሲስቱ ሰምቼ አላውቅም። ዞር ብዬ ባይ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቋቸዋል። እኔን ሲያዩ በሌላ ሰው ስም ጠሩኝ። ያን ጊዜ አወቅሁ። ልጄ፣ ያን ጊዜ አወቅሁ፣ ግን አልጮኽሁም። የጮኸው ዐብዱረሕማን ነው። ሰው ጥሩ! እኝህ ሰውዬ ትንፋሻቸው ልክ አይደለም! ብሎ ግድግዳውን በዱላው ደበደበ።

አንቺ ከኮሚቴው ስብሰባ ሮጠሽ መጣሽ፣ እስክሪብቶው በእጅሽ እንዳለ። የስኳር መለኪያዋ ወረቀት ካለቀ አሥር ቀን ሆኖት ነበር። ጽፈሽ ጽፈሽ መልስ ያጣሽበት፣ ያን ጠዋትም የተሰበሰባችሁት ስለ እሱ ነበር አሉ። መለኪያ የለም፤ የቀረሽ ቃል ነው። ሽታዬን በልተዋል ወይ አልሻት። ሳህኑን ባዶ አንሥቻለሁ ብላ ወረቀቷን አሳየችሽ። ወደ እኔ ዞርሽ። አያ ቢሻው፣ አጠገባቸው አንቱ ነዎት፣ በዓይንዎ ሲበሉ አዩ? አልሽኝ።

በልተዋል አልሁ።

ፊታቸውን በመዳፍሽ ይዘሽ፣ ዓይናቸውን ገልጠሽ አየሽ። ልብሽ እምቢ አለሽ መሰለኝ፣ እንደገና ዞርሽ። በእመቤታችን፣ አያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ በልተዋል? አልሽኝ።

በልተዋል ስልሽ! ጭቃ ሹም አይዋሽም! አልሁሽ። ተቆጥቼ። ቆጣሁሽ እኮ! በሰው ፊት!

የበላ ሰው እንዲህ ከሆነ ወይ ስኳሩ ከላይ ወጥቶ ነው ወይ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው ብለሽ፣ ማኪና ጥሩ አልሽ። ከንፈራቸውን በስኳር ውሃ ብታርሺው ይበቃቸው ነበር። ሽታዬ ጽዋውን ይዛ ቆማ ነበር፤ ቆይ፣ ስኳሩ ወጥቶ ከሆነ እገድላቸዋለሁ አልሻት። የሰማሽው የእኔን ቃል ነው። ማኪናው እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ደማቸው ተለካ፣ ስኳሩ አልቆ ነበር። አልተነሡም።

አሁን አምሐ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱን ወደ አባቱ አልጋ አዙሯል። ልጄ፣ ማዳበሪያህን ተሸክመህ መሄድ ትችላለህ፣ በሩ ክፍት ነው፣ እኔ ተነሥቼ አልይዝህም አልሁት። አልሄደም። አነሣው። ይህንንም ጻፈው፣ እሷ ማወቅ አለባት።

አንተን አልወቅስህም፣ አምሐ። አባትህ ባልበላ ሆድ ተወግተው እንደሞቱ ሐኪሙ ነገረህ። ወረቀቱን ስታይ ደግሞ በልተዋል ይላል፤ ከሥሩ የእሷ ፊርማ አለ። ሰው ምን ያስባል? ሳያበሉ ወግተው ገደሏቸው፣ ሲጨነቁ በወረቀት ዋሹ ብለህ ጻፍህ። እኔም ልጃቸው ብሆን እንዲሁ እጽፍ ነበር፣ ፊደል ባውቅ። አንተ ስትጽፍ ወረቀቱ የዋሸ መሰለህ። ሽታዬም አልዋሸችም፣ ሲስተርም አልዋሸችም። ባዶ ሳህን ባዶ ነበር።

አንቺም ልጄ፣ ሽታዬ አታለለችኝ ብለሽ ሳታናግሪያት እንደሄድሽ አውቃለሁ። ያቺ ሴት ጋሪዋን እየገፋች ታለቅሳለች። በየሳህኑ ላይ ቆማ፣ ሲውጡ ካላየሁ አልነሣም ብላ ሽማግሌውን ሁሉ ታስፈራራለች። ጠዋት ጠዋት ለእኔ ቅንጬ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ብሉ እንጂ አያ፣ ምነው እርስዎስ? ትለኛለች። ይህን ሁሉ ቀን አንድ ቃል አልነገርኋትም።

መሐላው ነው ያሰረኝ ብዬ ለራሴ ስነግር ከረምሁ። እመቤታችንን ምስክር ጠርቻለሁ፣ የሞተ ሰው አደራ ነው እያልሁ። ሐሰት ነው። አንቺ ስትጠይቂኝ መሐላው ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ከንፈሬ ላይ ያለው ዘይት ነው። ቢሻው፣ ሦስት መንደር የገዛው ቢሻው፣ የበሽተኛ ቁርስ ሲበላ ከረመ ሊባል ነው። ስለ መሪጌታ ጾም ብዬ ብቻ አይደለም የበላሁት። ርቦኝ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የዚህ ቤት አንድ ሳህን ለእኔ በቅቶኝ አያውቅም፤ ጨምሩልኝ ማለት ደግሞ አይሆንልኝም። ሁለት ሳህን የበላሁባቸው እነዚያ ጠዋቶች፣ ልጄ፣ ከእነ ነውራቸው፣ ደስ ይሉኝ ነበር። መሪጌታ እጃቸውን ሲዘረጉ እንኳ።

ተወው፣ አምሐ። እዚህ ጋ ይብቃ። ቀጥሎ ያለውን ጻፍ።

ዐብዱረሕማን ከቀብሩ በኋላ ስምንት ቀን አላናገረኝም። በዘጠነኛው ቀን፣ ሽታዬ ስትወጣ፣ ቢሻው፣ ዓይኔ ነው የጠፋው፣ ጆሮዬ አለ አለኝ። መሪጌታ ጥርስ የላቸውም፣ ሲበሉ ድምፅ አያወጡም፤ ማንኪያው ግን ከአንተ በኩል ሁለት ሳህን ሲጠርግ ነበር፣ አሥራ ሁለት ጠዋት ሰማሁት፣ በሰው ጾም ምን አግብቶኝ ብዬ ዝም አልሁ፣ ለዝምታዬ አላህ ይጠይቀኛል። አንተን ግን የምትጠይቅህ ያቺ ልጅ ናት። እኔ ብናገር ዕውር ሰማሁ ቢል ማን ያምነዋል? አንተ አውጣው። ካላወጣህ ልጅቱን ከነሕይወቷ ቀብረህ ነው የምትሞት አለኝ። ተሳደብሁ። አንተ ነጋዴ፣ የሰው ጉዳይ ትቸረችራለህ አልሁት። ሳቀ። ስድብህ ከሳ፣ ቢሻው፣ ድሮ ይሻል ነበር አለኝ።

እንቅልፍ የለኝም። ሞትን ብጠራው አይሰማኝም። ትናንት አስቤ አስቤ፣ ለማን ልናገር አልሁ። ለኮሚቴው ብናገር፣ ሽማግሌው ጃጅቷል፣ ልጅቱን ስለሚወዳት ነው ይላሉ። ለሽታዬ ብናገር እሷም ተከሳሽ ናት፣ አስጻፈችው ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ሰው ማንም ሐሰተኛ የማይለው አንድ እጅ አለ፣ እሱም የከሳሹ እጅ ነው። ዛሬ ያ እጅ በራሱ እግር መጣ። ለዚህ ነው አምሐን ያስቀመጥሁት። አታልዬህ ነው፣ አምሐ። ለልጄ ብዬ አታለልሁህ። ይህንንም አልደብቅህም።

ልጄ፣ ኮሚቴው መስከረም አሥራ አራት ይቀመጣል። ካልቀረብሽ ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈቃድሽን ሊያስነጥቅ፣ ጉዳዩንም ለፍርድ ቤት ሊያስተላልፍ ነው አሉ። ነይ። የሚያመጣሽ ማኪና ካጣሽ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የዐብዱረሕማን የወንድም ልጅ መስከረም አሥራ ሁለት ጠዋት በማኪናው ይመለሳል፣ ያሳፍርሻል። እኔን በቃሬዛም ቢሆን ያስገቡኝ፣ በኮሚቴው ፊት በአፌ እናገረዋለሁ። የወገራ ሰው ይስማው፣ ይሳቅብኝ። አምሐ ይህን ወረቀት ገልብጦ አንዱን ለኮሚቴው ቢሰጥ የእሱ ፈቃድ ነው። አላዘውም። ማዘዝ ትቻለሁ።

ሹመቱን ደግሞ፣ ነጻ ብትወጪም፣ አልመለስበትም ትዪ ይሆናል። መብትሽ ነው፣ በሞቴ ብዬ አልለምንሽም። ግን ከተመለስሽ የእኔን ምክር ጣይው። ሹም ይዙር። እግሩ ይበጥ። ወረቀት ያዘጋጅ፣ ሸጋ ነው፣ ግን ሄዶ አፍ ያስከፍት። እኔ ሦስት መንደር ከወንበሬ ሳልነሣ ገዛሁ ያልሁሽ እውነት ነው፤ ሦስቱም መንደር ግን አንድ ቀን ወንበሬን ከነእኔ አውጥተው መንገድ ላይ ጣሉት። ያን አልነገርሁሽም ነበር።

ይቅር በዪኝ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። በእሱ ፋንታ ይህን ሁሉ ተናግሬያለሁ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። በሐሰት የተነሣብሽን በእውነት ያስጥልልሽ። እናትሽን ዕድሜ ይስጥልሽ። እጅሽ የነካው ቁስል ይዳን፣ ያንቺም ቁስል የሚነካው እጅ አይጣ። ዘመኑ ሲለወጥ የተቀመጥሽበት ጓዳ በሩ ይከፈትልሽ። አሜን በዪ። አውራ ጣቴን አምሐ በብዕሩ ቀለም ቀብቶ ከዚህ በታች ያሳርፍልኛል።

አባትሽ

አምሐ፣ ወረቀቱን ገና አትጠፈው። እኔ ፊደል አላውቅም። የጻፍኸው ያልሁትን ይሁን ሌላ፣ የማውቅበት ዓይን የለኝም፤ ለአባትህ ክብር ብለህ የዘለልኸው፣ በእኔ ተናድደህ የጨመርኸው ቢኖርም አላየውም። እንደ እሷ ሆኛለሁ፣ በሰው ቃል የቀረሁ። በመስኮቱ በኩል ቁም፣ ብርሃን ይሻልሃል። ሽታዬን ጥራት፣ ጋሪዋን ትታ ትምጣ። ዐብዱረሕማንም ነቅቷል። አሁን ከላይ ጀምረህ፣ ለሦስታችንም በሚሰማ ድምፅ፣ አንብብልኝ።